ጉም ለጉም

ሐምሌ ነው። ጦሳ ጉሙን እስካንገቱ ስቦ ተኝቷል፤
እኛ ቤትም ሻወሩ ሥር ሌላ ትንሽ ጦሳ በቅሏል፤
ኮርኒሱን ሻጋታ በልቶት፣ ፎጣው እንደራሰ ይውላል።

ይመር መጣ ከሸዋ በር፣ ካርቶን በክንዱ አቅፎ፤
ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን «ዝንብም አያባርር» ብሎ አልፎ፣
ቱቦ መሐል የሚገባውን መረጠልኝ፣ ዋጋውን አራግፎ።

ኮርኒስ ላይ ወጣ፤ ካቧራው መሐል ድምፁ ብቻ ይሰማል፦
«ቱቦ አይጠማዘዝም እቴ፤ ባጠፍሽው ቁጥር ይደክማል።
ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል፤ አለዚያ ጠብታው ዞሮ ይገባል።»

ሞተሩን ከማገሩ ጋር በጎማ አንጠለጠለው፣
ሌሊት ቤቱን እንዳያስጮኸው።
ወርዶ ደግሞ የበሩን ግርጌ ሁለት ጣት ያህል ላገው።
«በሬን!» ስለው፣
«ካላስገባሽለት» አለ፣ «ምኑን ያውጣው?»

ሶፍት ቀዶ አስጠጋ፤ ወንፊቱ ላይ ልጥፍ አለች።
ውጭ፣ ከግድግዳው ቀዳዳ፣ ቀጭን ጭጋግ ወጣች፣
ከጦሳው ተቀላቀለች።

ማታ ታጥቤ ዞር ስል፣ መስታወቱ ጥርት ብሎ ጠበቀኝ፤
ስድስት ክረምት ለካ ጉሙ ነው ከሽበቴ የደበቀኝ።

ይመርን ነገ ልጠይቀው፣
ቆይቶ የሚነሳ ማብሪያ እንዳለው።