ቃለ ጉባኤ፣ ከጓጉንቸሩ ጋር

ሐሙስ ማታ፣ ደሴ። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ግቢ ገብቷል፣
መብራት የለም ዛሬም፤ ደረጃው ሥር ቆመን ሻማ ተለኩሷል።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ እጄን በርዶት እንጂ ጽሕፈቴስ ያምር ነበር።
የተገኘን፦ ሰባት። ሁለቱ ከኮምቦልቻ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲዞር ሲዞር
ጆሯቸው ተደፍኖ፣ የቆላ ሸሚዝ ለብሰው መጥተው፣
አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው።

አጀንዳ፦ አንድ ብቻ። መሬት እኛን ደሴ ላይ በስንት ትስበናለች?
መጽሐፉማ ጽፎታል። «መጽሐፉ ደሴን መቼ አየ?» አለች
መኪያ፣ ሊቀ መንበሯ፣ ክርክር ስትወድ።
ሰባታችንም እጅ አወጣን፤ ድምፅ አልጎደለም አንድ።

መሣሪያ፦ የለንም። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ የፊዚክሱ ቁም ሣጥን ኦና፣
አቧራው ላይ አራት ክብ አለ፣ የሚዛኑ እግር ያረፈበት ነበርና።
ሳንቃውን ገንጥለው ሲሄዱ የተዉት ነገር ቢኖር
ወለል ላይ የወደቀ፣ እንደተቆለፈ የቀረ ጓጉንቸር።

ኑርሁሴን አነሣው፣ በመዳፉ መዘነው፣
በሲባጎ አስሮ ከሁለተኛው ፎቅ ከደረጃው ብረት አንጠለጠለው።
ያ ስንት ዓመት አንድ በር ይዞ የኖረው
ሄደ፣
መጣ፣
ሄደ፣
ጥላው ግድግዳው ላይ እንደ ሰው ተራመደ።

ሃያ ምልልስ ቆጠርን፤ ሰማንያ ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ አለ የበላቸው ስልክ፤
ሲባጎው አራት ሜትር፣ በልብስ ሰፊው አጎቱ ሜትር ሦስቴ ተቀጣጥሎ ሲለካ ልክ።
ውጤት፦ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አምስት።
ዝም አልን። ጎደለ። የት ገባ የቀረው ስበት?
«ደሴ ከፍታ ስለሆነች ነው» አለ አንዱ፤ መኪያ በዓይኗ አስቀመጠችው፣
«ያን ያህልማ ከፍ ብንል አውሮፕላን ከእግራችን ሥር ባየነው።»

በዚህ መሐል ጋሽ ይመር፣ የሌሊት ዘቡ፣ ባትሪውን እያበራ፣
«ሰዓት አልፏል ልጆች!» ብሎ ሊያስወጣን መጥቶ ዓይኑ ከጓጉንቸሩ ጋራ
ተጋጠመ። ቆመ። «ይሄ እኮ የኔ ነው።»
ሲባጎውን ያዘና «እስከ የት ለካችሁ?» አለ ሲያስቆመው።
«እስከ ቀለበቱ።» «ቀለበቱማ ባዶ ነው፤
አሥራ ሁለት ዓመት ቆልፌዋለሁ፣ ክብደቱ ሆዱ ውስጥ ነው።»

አምስት ሳንቲ ሜትር። በሻማ ሰም ምልክት አድርገን እንደገና አሰላን።
ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት! ማን ቀድሞ እንደጮኸ አላወቅን።
ከላይ «ሰባት» ያልኩትን ሰርዤ፣ «ስምንት» ብዬ አረምኩ።

ውሳኔ፦ በሚመጣው ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርደን እንለካለን።
ልዩነቱ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው፣ በዚህ ሲባጎ እንደማናየው አውቀን
ወሰንን። ረድኤት አንገቷን ብቅ አድርጋ ከጋቢ፣
«እኛ ታች ያለነው ከእናንተ እንከብዳለን፤ ይመዝገብልን፣ ጸሐፊ!»

ልዩ ልዩ፦ ጋሽ ይመር ከደረት ኪሱ ቁልፍ አወጣ፣ በክር የታሰረ።
ማንም አልጠየቀውም። አስገባው። ዞረ።
ጠቅ።
«እሱ መቼ ተሰበረ፣ የተሰበረው በሩ ነው» ብሎ መልሶ ዘጋው፣
እዚያው ሲባጎው ላይ፣ ገፋ አድርጎ ለቀቀው።

ስብሰባው ያበቃው ከምሽቱ ሁለት ከሃያ ላይ ነበር።
የውጭውን በር ጋሽ ይመር ቆለፈው በአዲስ ጓጉንቸር፤
አሮጌው ውስጥ ቀረ፣ በጨለማው ሲሄድ ሲመጣ፣
ማንም ሳይቆጥርለት።