ስትመጣ ደኅና ነው

ታኅሣሥ ነው። ከጮቄ የወረደው ውርጭ
ደብረ ማርቆስ ገብቶ በየአጥሩ ሲረጭ፣
ስልኬ ጮኸ ማታ፦ «ልየው፣ ደግሞ ጠፋ።»
ወይዘሮ ያለምዘርፍ ናቸው። ድምፃቸው ሳይከፋ፣
እንደ ጥንቱ ሥራቸው፣ መስመር እንደሚሰጥ ሰው፣
ቃሉን አጥርተው፣ ለይተው፦ «ማሞቂያው ነው። መጥተህ እየው።»

ጠዋት ሄድኩ። ይነዳል። ሰማያዊ እሳት፣
ሦስት ረድፍ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንከን የሌለበት።
«ስትመጣ ደኅና ነው» አሉኝ እያፈሩ፤
እንደ ታመመ ልጅ፣ ከሐኪም ቤት በሩ
ሲደርስ እንደሚስቅ፣ ትኩሳቱ በርዶ።
እኔም ሣቅሁ፤ ሣቁ ሆዴ አልደረሰም ወርዶ።

ሲሊንደሩን ጠረጠርኩ፤ በክንዴ መዘንኩ፣
ሆዱን አንኳኳሁት፣ «ግማሽ አለው» አልኩ።
ቀጥሎ ጎማውን። ኦሞ በጥብጬ
በአረፋ ቀባሁት መሬት ተቀምጬ፤
አንድ ፊኛ እንኳ የለ።
የወንድማቸው ልጅ ነው የላከው ከባሕር ዳር፣
ካርቶኑ እስካሁን አለ፣ ከአልጋቸው ሥር።
ወረቀቱ ይላል፦ የሁለት ዓመት ዋስትና፤
ዋሱ ግን ማን ይሆን? ስሙ የለምና።
የራስጌውን ቁልፍ በአዲስ ቀየርኩለት።
ማታ ስልኩ ጮኸ።
«ልየው።»
«አቤት።»
«ጠፋ።»

በዚህ ሙያ ስኖር የተማርኩት ነገር፦
የጸና ብልሽት ደግ ነው፤ አለሁ ይላል፣ አይሰወር።
ሄድ መለስ የሚለው ግን ሌባ ነው ጨርሶ፤
መፍቻ አይዘውም፤ ማድፈጥ ነው፣ መብራት ቀንሶ።
በሦስተኛው ማታ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
«ዛሬ እሱ ካልጠፋ ቤቴ አልገባም» አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቴሌ ነው የሠሩት፣
ሰውን ከሰው በገመድ እየሰኩ ያገናኙት።
«የቢቸና መስመር» አሉኝ፣ «እንዲህ ያለ ነበር፤
ይቆረጥ፣ ይቀጠል፣ ምክንያት ሳይናገር።
ሠራተኛ ይወጣል፣ ምሰሶ ይቆጥራል፤
እሱ በደረሰ ጊዜ እንደ ደወል ጠርቷል።
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ሥራ አልነበረኝም፣
ዝም ብዬ ሰማሁት፤ አልደወልኩበትም።
ሊቆረጥ ሲል፣ አስቀድሞ፣ ሽው ይላል ለካ፤
ባሕር ዛፍ ነው፣ ነፋስ ሲገፋው ሽቦ የሚነካ።»

ነፋስ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሳይርቅ
ካርቶን የለጠፉበት የመስኮቱ ስንጥቅ
ሽው አለ።
እሳቱ አጎነበሰ፣ ወደ ግራ ሸሸ፤
ቀጭ።
ቤቱ መሸ።

አንዲት መርፌ አለች ከነበልባሉ ፊት፤
ጋዙ የሚያልፈው እሷ እስከሞቃት።
ከቀዘቀዘች ግን «እሳት የለም» ብላ
በሩን ትዘጋለች። ጥላሸትን አዝላ
ስትኖር ደግሞ ጭራሽ፣ ፊቷ ቢነድ እንኳን
በሙሉ ልቧ አታምነውም እሳቱን።

በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኋት እስክትነጣ።
«መስኮቱ አይደፈንም፤ ጋዝ ነው፣ ሰው ያፍናል።
ማሞቂያው ከዚህ ይነሣ፤ ያኛው ጥግ ይሻላል።»
«አይነሣም» አሉኝ። «ከዚህ ስቀመጥ ነው
የግቢዬ በር የሚታየው።»
አልተከራከርኩም። የዘይት ቆርቆሮ
ቀድጄ አቆምኩለት በጎኑ እንደ ጆሮ።
ነፋሱ መጣ፣ ሄደ። እሳቱ ቀና ነው።

አራት ቀን ዝም አሉ። በአምስተኛው፦ «ልየው።»

ሄድኩ። ይነዳል። ሰማያዊ። ሦስት ረድፍ።
«አሁን ጠፍቶ ነበር» አሉኝ፣ ከበሩ ደፍ።
ቆርቆሮውን ነካሁ፤ ጣቴን ለበለበኝ፤
ከቀትር ጀምሮ እንደነደደ ነገረኝ።
«ይሆናል» አልኳቸው። «ሄድ መለስ ይላል።»
ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ መፍቻ አላወጣሁም።
«ያ የቢቸና ባሕር ዛፍ» አልኩ፣
ወንበሬን እየሳብኩ፣
«መጨረሻው ምን ሆነ? አልነገሩኝም።»