ያለ ምስክር

ሥራዬ ወሳኝ ኩነት ነው፤ ቀበሌ፣ ቢሮ ቁጥር ሦስት፤
በሰማያዊ እጽፋለሁ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት።
ሦስት ምስክር ካልፈረመ
ሞቶም ቢሆን ሰው አልሞተም፤
መዝገቤ አያውቀውም፣ ማኅተሜም አያርፍበትም።

ቅዳሜ ግን አሥር ሰዓት ላይ፣ ከመምህር ይኄይስ ጋራ
ባጃጅ ይዤ እወርዳለሁ ወደ ደንገሉ፣ ወፍ ቆጠራ።
ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤
አንድ ዓይኑ የታወረ ባይኖኩላር አይለይም ካንገታቸው።
ሰፈሩ "የወፍ በሽታ ይዟቸው ነው" ይላል፤
እሳቸውም፦ "መድኃኒቱ እዚያው ጣና ዳር ይበቅላል።"

ጥበቃዋ ስንዱ ከበሩ፣ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣
"ዛሬ ወፍ የለም!" ትለናለች፣ ሳቋን ከከንፈሯ አንጠልጥላ።

እናልፋለን።
እንቦጩ ካምናው በርትቷል፣ ውሃውን ሜዳ አስመስሎ፤
ጉማሬ ባለፈበት ብቻ እንደ አሮጌ ሸማ ተተርትሮ
ጥቁር ውሃ ያሳያል።
አደም ታንኳው ላይ ተቀምጦ መረቡን በጥርሱ ይቋጥራል።

"ይብራ?"
"አሥራ ሰባት።" እጽፋለሁ፤ አሥራ ሰባት።
"ሳቢሳ?"
"ላሞቹ መሀል ሠላሳ፤ ግራሩ ላይ ሃምሳ ስድስት።"
ዓሣ በሉ ንስር ከሾላው ጫፍ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ
ሲጣራ፣ መምህር ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤
እስኪጨርስ ቆመው ይሰማሉ።
አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ሰማያዊ፣ ልክ እንደ ቢሮዬ ቀለም፣
ከደንገሉ ወርዳ፣ ውሃ ነክታ፣ ተነሥታ፣ አሁን የለችም።
"ምን ነበረች?" ብዬ ቀና ስል
ቅጠሉ ብቻ ይወዛወዛል።

ያስተዋልኩት ከክረምቱ በፊት ነው፤
መነጽሩን ወደ ዘጌ አዙረው ከግራቸው ያለውን ይቆጥራሉ።
ደግሞ ልክ ናቸው። ሁልጊዜ ልክ ናቸው።
የይብራ ክንፍ ከውሃ ሲላቀቅ፣ እርጥብ አንሶላ እንደ ማራገፍ፣
የዳክዬ ደግሞ ጋዜጣ እንደ መቅደድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
በጆሮ ነው የሚያዩት።
ለልጃቸው አልነገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩ።
መውረጃው ላይ ክንዴን ሲይዙ "ጭቃው ያዳልጣል" ይሉኛል፤
ዝናብ ከቆመ ሦስት ወሩ ነው፤
"አዎ" እላለሁ፣ "ያዳልጣል።"

ፀሐይ ከዘጌ ጀርባ ልትገባ ስንዝር ሲቀራት
የምንጠብቃቸው ይመጣሉ፤ ባለ አክሊሎቹ፣ ባልና ሚስት።
በዚህ ደብተር ሰባት ዓመት፣ ከኔም በፊት በነበረው እጅ፣
"ሁለት" ነው የተጻፈው።
አደም ስም አይሰጣቸውም፤ "እነዚያ" ይላቸዋል፣ እንደ ጎረቤት።

ዛሬ አንድ መጣች።
በደንገሉ ላይ ዝቅ ብላ፣ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ፣
አረፈች። ዞረች። ጠራች።
አክሊሏ ላይ ብርሃኑ እንደ ጤፍ ብናኝ ተንሳፎ
ደግማ ጠራች።
ደንገሉ ዝም።
አደም ቋጠሮውን ተወ።

መምህር ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣
"ሁለት፣ ጻፊ" አሉ፤ "ሁለቱም ገብተዋል።
አንዷ ጠራች፣ ሌላው መለሰ፤
ርቆ ነው፣ ከእንቦጩ ማዶ፤
አልሰማሽም?"

እስክሪብቶዬ ቆመ።
አደምን አየሁት፤ አደም ውሃውን አየ።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ
"ልጄን እንዳትጽፊብኝ" አለችኝ፤ "እስኪገኝ አትጻፊው።"
ሦስቱም ምስክሮች ፈርመው ነበር።
ጻፍኩት።
ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ነፋሱ ከሐይቁ ዞረ።
ከማዶ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ክንፍ ይሁን፣ የታንኳ ገመድ፣
ወይም ጆሮ ሲመኝ ለራሱ የሚሠራው፣
አላውቅም።
ሰማያዊውን ከድኜ እርሳስ አወጣሁ፦
"ሁለት። አንዷ ታይታ፣ አንዱ ተሰምቶ።
ምስክር፦ ይኄይስ።
ምስክር፦ አደም፤ ዝም ብሏል።"
ሦስተኛውን መስመር ክፍት ተውኩት።

ከበሩ ስንዱ ባትሪዋን አብርታ "እህ፣ ወፍ አለ?" አለችን።
መልስ የሰጣት የለም።
መምህር ክንዴን ያዙ፤ "ጭቃው" አሉ፤
ደረቁን መሬት
ቀስ ብለን፣ እንዳያዳልጠን፣ ረገጥነው።