የሣር ሆድ

ከጃንሜዳ አጥር ሥር፣ ከቆርቆሮው በረት፣
ጎህ ሳይቀድ ገባሁኝ፣ እንደ ሌባ በሌት።
ባትሪዬን አበራሁ ከግራ ጎኗ ላይ፤
ቆዳዋ ተርገበገበ። ዝንብ ነው? እሱ ነው ወይ?
ስንቅነሽ ዞር አለች፣ ገለባ ከከንፈሯ አንጠልጥላ፤
አየችኝና ተወችኝ፣ "ሥራ ፈት ደግሞ መጣ" ብላ።

ጥቅምት ላይ ነው ሱሉልታ ያደረስኋት፣ ከአቶ ሂርጳ ድንጉላ፤
ክፍያው አልበቃ ብሎ፣ ለጠባቂው ጉርሻ ከኋላ።
በኅዳር ማለቂያ ዶክተር ወንድይራድ እጁን እስከ ትከሻ ከቶ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ፣ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ጨለማ ቤት ገብቶ፤
"ይዛለች" አለኝ ኋላ፣ "ብርቱካን ያክላል"፣ እጁን በሳሙና አጥቦ።
ያን ሰሞን ብርቱካን አልላጥሁም፣ እጄ ሰግቶ፣ ልቤ ጠቦ።

ከዚያ ሚያዝያ መጣ። በእኩለ ሌሊት መንገድ የሚያፈርስ ዶዘር
በስድስት ኪሎ በኩል ሲያጓራ፣ ገመዷን በጥሳ ስትበር፣
አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ተነሣች። አነከሰች። ቆመች።
ጠዋት ጭዱ ላይ መዳፍ የሚያህል ደም ነበር፤ እሷ ግን ሣሯን በላች።

ከዚያ ወዲህ ይኸው፣
አንዱ መጥቶ "ወርዷል" ይላል፣ አንዱ "የለም፣ ገና አለ"፤
ጋላቢው ተካልኝ ደግሞ "የሣር ሆድ ነው!" ብሎ ማለ።
"አራት እግር ያለው ሁሉ ክረምት ሲገባ ይወፍራል፤
አንተ ስም ታወጣለህ፣ ከውስጥ ንፋስ ይንጎራጎራል።"

ስሙንማ አውጥቼ ነበር፤ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ በእርሳስ ጻፍሁት፤
ደሙን ያየሁ ዕለት በላጲስ ፈተግሁት፤
ዛሬም ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሳዘነብል ይታያል። አልጠፋም፤ አነበብሁት።

ዶክተሩ ቢሾፍቱ ተዛውሮ፣ ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም" ይላል፤
ሌላው "መሣሪያ ይዤ ልምጣ" ብሎ የወር ኪራዬን ይጠይቃል።
አሮጌው ባልደራስ አያ ምንዳዬ፣ "ቀዝቃዛ ውኃ አጠጣት ማለዳ፤
ካለ ይደነግጣል፣ ጎኗን ይመታል፣ እንደ ተቀሰቀሰ እንግዳ።"
አጠጣኋት ከቦኖ ቀድቼ፣ ጎኗ ሥር ተንበርክኬ ቆየሁ፤
ምንም የለም። ከባልዲው ውኃ የራሴን ድንጉጥ ፊት አየሁ።

በጣቴ ስቆጥርም ይጠፋብኛል፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር...
አሥራ አንድ ወር ነው ይላሉ፤ ጳጉሜንስ ከወር ትቆጠር?
አምስቷን ቀን የሚይዛት ማነው? እሱ? እኔ? እግዜር?

ሚስቴን አስካለን ጠየቅኋት፣ ልብስ እያጠበች ሳለች፤
እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ "ሆድ መጠየቅ አይወድም" አለች።
ሌላ አልጨመረችም። ሁለታችንም የምናውቀውን አላነሣች።
ማታ ግን፣ ከሣጥን ሥር፣ ያቺን ትንሽ ብርድ ልብስ
ለበረቱ ብላ አወጣች።

እሑድ አንድ ሙሽራ መጣ፣ ፈረስ ላይ ፎቶ አምሮት፤
አራት ሺህ ብር ዘረጋ። ኪራይ ደርሷል። እጄ ተዘረጋለት።
ኮርቻውን ጫንሁ። ጠፍሩን ከሆዷ ሥር ስቤ ሳጠብቅ፣
አንድ ቀዳዳ አነሰኝ። ሣር ነው? ሰው ነው? እንዴት ልወቅ?
ፈታሁት። ሙሽራው ተቆጣ፤ ሚዜዎቹ በስልክ ቀረጹኝ እየሳቁ፤
ኮርቻውን ተሸክሜ ወጣሁ፣ ልጆች እኔን እየጠቆሙ፣ እሷን እያደነቁ።

ስድስት ኪሎ አደባባይ ስንደርስ ትራፊኩ እጁን አንሥቶ
ታክሲውን ሁሉ አቆመልን፣ አዝኖ ይሁን እንጃ ተደስቶ።
"እለፉ!" አለ።
አለፍን።
ለሁለት ነው? ለሦስት? አልጠየቅሁም፤ ቃሉ ራሱ አይለይም።
ገመዷን ላላ አደረግሁ፤ ከመካከላችን የሚቸኩል አልነበረም።