ፍሬን

ሌላው ሰሌዳ ያያል፤ ስንተኛ ወጣ ይላል፤
በሰከንድ ስባሪ ሰውን ይመዝናል።
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ ከኋላ ጎማው ሥር
ሁለት ብሎን ፈትቼ፣
የፍሬኑን ሸራ በአውራ ጣቴ ጥፍር
ዳብሼ ነው የማውቀው፣ የጌቲንን ነገር።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፤ እጄ በቅባት ጠቁሮ፣
እሱ ዝም ባለ ቁጥር ሸራው ለኔ ተናግሮ።

የኩም ግላስ ልጅ ነው፤ ዌልስ፣ ዝናብ የማይተዋት፣
ጣሪያዋ፣ አጥሯ፣ መቃብሯ ጭምር
ያው ጥቁር ድንጋይ የሆነባት።
አባቱ ኢድዋል፣ የአባቱም አባት
ተራራውን ቦርቡረው፣ ሆዱ ውስጥ ወርደው
ለሰው ቤት ጣሪያ አወጡ፤
ለራሳቸው ሳል ይዘው መጡ።
ዛሬም ኢድዋል ሲያስል
ድንጋይ በመሮ ሲሰነጠቅ ይመስላል።

"ሰው" አለው አንድ ማታ፣ "ሊከብር ሽቅብ ይወጣል፤
ቁልቁል በመውረድ ደግሞ ማን ደሞዝ ይበላል?"
ጌቲን ሳቀ፦ "አባባ፣ ወራጅ ነው እኮ ዘራችን፤
እናንተ በሆዱ፣ እኔ በጀርባው፤ ያው ነው ተራራችን።"
ከዚያ ወዲህ አልጠየቀውም።
ራስ ቁሩን ግን ይቀበለዋል፤ በጣቱ ያንኳኳል፤
ድንጋይ ስንጥቅ እንዳለው እንደሚሰማ ሰው፣ ጆሮውን ያስጠጋል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ፎርት ዊሊያም ላይ
ሦስተኛ ወጣ፤ ጭቃ የለበሰ፣ ጥርሱ ብቻ የሚታይ።
ያን ቀን ሸራውን ባየው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ።
"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "ፍሬን አትይዝም?" በቁጣ።
"ፍሬን የያዘ ሰው፣ ኔስታ፣ መቼ ቀድሞ መጣ?"

ከዚያ ዓመታት ነጎዱ፤ ቫን ውስጥ ተኝተን፣
እርጥብ ካልሲ በሞተሩ ሙቀት አድርቀን።
ኦስትሪያ ትከሻውን፣ አንዶራ ጎድኑን ሰበረ፤
ሐኪም በገላው የተወው ብሎን
በሳጥኔ ካለው ጋር ተፎካከረ።
ውሉ በየጥቅምቱ በስልክ ይታደሳል፤
"ዕድሜህ ስንት ሆነ?" ይሉታል፤
ይነግራቸዋል፤ ዝም ይባላል።
አንዱ ውድድር ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው፤
የዓመቱን ብንደምረው
ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ሥራ የምንለው።
ያሸነፈው አንዴ ነው። አንዴ።
በዝናብ፣ ጣሊያን ምድር፤ ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤
ስለዚያች ጎማ እስከ ዛሬ ብቻዬን ኩራት ይሰማኛል።

ዘንድሮ ሰኔ ግን፣ ሊዮጋንግ፣ ከልምምድ ሲመጣ
ሸራው ሳስቶ አገኘሁት፤ ብረቱ ሊወጣ።
ዲስኩ ጠሞ ይሆናል አልኩ፤ ለወጥኩት።
ዘይቱ አርጅቶ ይሆናል አልኩ፤ ደፋሁት።
በማግስቱም ያው።
ጥድ ለጥድ እየያዝኩ ሽቅብ ወጣሁና
የዛፍ ሥር ከተጋደመበት፣ ከስድስተኛው መታጠፊያ ቆምኩና
ጆሮዬን ሰጠሁ።
መጣ።
ሲጢጥ አለ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ።
ወደቀ ቢሉኝ እንዲያ አልደነግጥም ነበር።

ማታ፣ ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ ማንኪያውን እያሽከረከረ፣
"ኔስታ፣ ለማንም እንዳትነግሪ" ብሎ ጀመረ፤
"ሎውሪ…"
"አውቄዋለሁ" አልኩት፣ "ሸራህ አሳበቀ፤
ፍሬን ይዘሃል፣ ጌቲን።"
ሳቀ፤ ኋላ ድምፁ ታነቀ።

እሑድ አርባ አንደኛ ወጣ። ካሜራው ሌላ ልጅ ተከትሎ ሄደ።
ኢድዋል አጥሩን ተደግፎ፣ በሳል እየተንቀጠቀጠ
ራስ ቁሩን ተቀብሎ አንኳኳ፤ አዳመጠ።
"ደህና ነው" አለ።
ስለ ራስ ቁሩ ይሁን ስለ ልጁ፣ አልጠየቅኩትም።
ጎንበስ አልኩ፤ ሁለቱን ብሎን ፈታሁ።
ሸራው ገና አልበረደም፤
አውራ ጣቴን ጠበሰኝ።