የልየው ጌጆች

ደጀን፣ ልየው ጋራዥ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣
አጎቴ ይጠብቃል ምሳውን ረስቶ።
«ቀይ መብራት ምን ሊሆን? ለቅሶ ደራሽ ናት፣
ብቅ የምትለው ሞተሩ ሲሞት።»

ልየው ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ዓይን ቆፈረ፣
ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ መዳብ ቱቦ አሰረ፤
አንዱ ጌጅ ለሙቀት፣ አንዱ ለዘይት ግፊት፣
አሮጊቷ ፔጆ አገኘች አንደበት።

ማግስቱን ዓባይን ሽቅብ ስንወጣ፣
መርፌው መቶን ሊነካ ተንጠራርቶ መጣ።
ቆመ። አጎቴ፣
በዚህ ዳገት ሃያ ዓመት ቆሞ የማያውቀው።
ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ላቡን ጠረገው።
«ግፊት አለብህ ካሉኝ» አለ፣ «ሁለት ዓመቴ ነው፤
ለማንም አልነገርኩ።»
ኮፈኗን ገልጦ፣ ደረቱን ዳበሰው፣
«ለዚህስ» አለ፣ «የት ይገኛል ልየው?»