የኅዳግ ቁጥሮች

ሴት አይገባበትም፤ እስከ ዳርቻው ድረስ ነው የኔ ፈቃድ፣
ጓንቴንና መዝገቤን ይዤ ለብራና ቆጠራ ስሄድ።
ዕቃ ቤቱ አባ ዘወንጌል ዳዊቱን በነጠላ ጠቅልለው
ከዋንዛው ሥር አወጡልኝ፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው።

ሐረግ ነበር የጠበቅሁት፣ ወይ ያጻፈውን ሰው ስም በቀይ፣
ወይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ»ን፣ የመጻሕፍትን የቆየ ግዝት፤
ኅዳጉን ሞልቶት ያገኘሁት ግን
ጭረት ነው። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት።

ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሰባት ጣት።
ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ስምንት።
የጣናን ልክ ከአንድ ድንጋይ ላይ፣ በጣት፣ በየዕለቱ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፤
የልደት ለት፣ የትንሣኤ ለት፣ አበ ምኔቱ ያረፉ ለቱ።
«ማን ነው ይሄ?» አልኩ።
«ጥዑመ ልሳን ይሉታል» አሉ አባ፤ «ስሙ ብቻ ነበር አንደበቱ።»

«ቁም ጸሐፊ ነው፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የማይዛነፍ፤
ሰላም ላለው ሰው ግን ዓይኑን ወደ ደንገሉ የሚያሳልፍ።
ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ታንኳዎቹ መሃል ይወሸቅ ነበር፤
ከአንዲት ጣባ በቀር አይበላም፤
እሷ የተሰበረች ለት ጾሙን አደረ ከማኅበር።»

ገለጥኩ። በሰባተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጭረቱ ቆመ።
ባዶ ብራና፣ አንድ መዳፍ የሚያህል።
ከዚያ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ባልተንቀጠቀጠ እጅ፦
«ዘኢርኢኩ፣ ፲ወ፩ መዋዕል።»
ያላየኋቸው ቀናት፣ አሥራ አንድ።

«ጋኔን ነው ብለው ነው» አሉ አባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤
«ከጠበሉ ሥር፣ አሥራ አንድ ቀን፣ አስረው።»
ክስ የለም። እንጉርጉሮ የለም። እንባ ያደበዘዘው ፊደል የለም።
ያዘነው ለውኃው ነበር፣
ሳይለካ ለዋለው።

መጽሐፉን ከደንኩት። እጄ ጓንቱ ውስጥ ላበው።
እኔም ልጅ አለኝ፣ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ አንተሁነኝ የምንለው፤
ከዘንባባው ሥር ቆሞ የባጃጅ ታርጋ የሚቆጥር፣
ስሙን ሲጠሩት የማይዞረው።

አምና እኔም (ለማንም አልነገርኩም) ሁለት ክንዱን ይዤ
ጎረቤት እንዳለችኝ፣ በቁር፣ ከሚወርደው ውኃ ሥር ገፋሁት።
ሰባት ማለዳ።
ስድስቱን ጮኸ። በሰባተኛው ዝም አለ።
«ተሻለው» አሉኝ።
አልተሻለውም። እኔን መፍራት ነበር የተማረው።

ኋላ ሐኪሟ አንድ ቃል ጻፈችልኝ፤ ኦቲዝም ይላል፤
እንደ ክታብ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።
ባልደረባዬ ልዑልሰገድ የጭረቱን ፎቶ አይቶ
«በቃ፣ ይሄም እንደዚያው ነው፤ መዝገቡ ላይ አስፍሪው» አለኝ፤
የሞቱ ሊቃውንትን፣ ቀማሪዎችን፣ ብቸኞችን ሁሉ
በዚህ ቃል መጥራት ሰሞንኛ ሆኗልና።

ፈልጌም ነበር።
ለልጄ አያት የማገኝለት መስሎኝ ብዕሬን አነሳሁ።
ግን ሙት አይጠየቅም፤
ልኩን ሳይወስዱ የሰፉለት እጀ ጠባብ፣ ቢያምርም፣ ከፈን ነው።
ደግሞም እሱ ራሱ
ያልለካውን አልጻፈም።
በአስተያየት ዓምዱ ሥር ይህን ብቻ አኖርኩ፦
«በኅዳጉ የውኃ ልክ አለ። አሥራ አንድ ቀን ይጎድላል።»

በጥቅምት ልጄን ይዤ ተሻገርኩ። እሱ ወንድ ነው፣ ይፈቀድለታል፤
ከላይ ግን ከበሮ ነበር።
ጆሮውን ያዘ። ዳርቻው ላይ ከኔ ጋር ቀረ።
አባ ዘወንጌል ድንጋዩን አሳዩት፤
ጭረቱን ሽበት ውጦታል።
አጎንብሶ በአውራ ጣቱ ፋቀው፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣
እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ውስጥ፤
እኔም ክንዱን አልያዝኩትም።
«ስንት ነው?» አልኩት።

አልመለሰልኝም።
ለውኃው ነገረው።